አዋሽ የሚያልቅበት ቦታ

በበጋ ወራት ከጊንጪ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መስክ ላይ አዋሽን በአንድ ዝላይ ተሻግሬዋለሁ። አጠገቤ ከብት ይጠብቅ የነበረ ልጅ ወዲያና ወዲህ እየዘለልኩ ለብቻዬ ስስቅ አይቶ ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ ቆሞ ታዘበኝ። ለእሱ ያ ውኃ ከብቶቹ የሚጠጡት ቀጭን ጅረት ነው፤ ወንጂ ላደግሁት ለእኔ ግን አዋሽ ማለት እናቶቻችን ስሙን እየጠሩ የሚያስፈራሩን፣ በክረምት ከዳርቻው ገንፍሎ አገዳውን የሚያስተኛ፣ ሲመሽ ጉማሬ የሚወጣበት ትልቅ ወንዝ ነበር።

በልቤ የቆየ ሌላ ጉዳይም ነበረኝ። ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የኢትዮጵያ ካርታ ዐባይ፣ ተከዜ፣ ባሮና ዋቢ ሸበሌ የአገሪቱን ድንበር አልፈው ሲወጡ፣ አዋሽ ከመካከል አገር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፍና ጅቡቲ ድንበር ላይ ሲደርስ ይቆማል። የአታሚ ስሕተት ይመስለኝ ነበር። መምህራችንን ስጠይቃቸው «እዚያ ያልቃል» ብለው ወደ ሌላ ትምህርት አለፉ። ሙያዬ በኋላ ሒሳብ ሆነና መልክዐ ምድርን በትርፍ ጊዜዬ ብቻ የማነብ ሰው ሆንኩ፤ ነገር ግን ወንዝ እንዴት እንደሚያልቅ ለማየት ካደረብኝ ጉጉት የተነሣ ከዐሥር ዓመት በላይ በወሰደ ጊዜ ውስጥ አዋሽን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ፣ አንዳንዴ በአውቶቡስ፣ አንዳንዴ በባቡር፣ አንዳንዴም በጭነት መኪና ጋቢና ተከትዬዋለሁ። መልክዐ ምድር የተፈጥሮና የሰው ተብሎ ለሁለት እንደሚከፈል ተምረናል። አዋሽ ላይ ግን ያ ድንበር የቱ ጋ እንደሚያልፍ እስካሁን አላገኘሁትም። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶች የጻፍኳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ወንዙ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ በቆላው መሐል ያልፍና ከባሕር ወለል በላይ 250 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ ባለው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በመነሻው ዙሪያ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የማያንስ ዝናብ ሲዘንብ፣ በመድረሻው ያለው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ እዚያ ፀሐይዋ በዓመት ልታተን የምትችለው ውኃ ደግሞ ከሚዘንበው ከዐሥር እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ አዋሽ ውኃ ካለበት አገር ውኃ ወደሌለበት አገር የሚሄድ ወንዝ ነው፤ በመንገዱ ላይ የሰፈረው ሰው ሁሉ ደግሞ ይህን ያውቃል።

ከላይ ያለው የበቾ ሜዳ ነው። መሬቱ መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ ነቅሎ የሚያስቀር፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር አፈር። ጤፉ የሚበቅለው ያ አፈር ውኃ አቁሮ ስለሚይዝ ነው፤ አዋሽ በየክረምቱ ሞልቶ ገበሬውን ከቤቱ የሚያስወጣውም በዚያው ምክንያት ነው። ከበቾ ወረድ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ አጠገቡ ካለው ከባልጪት ጋር በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ሰው መሰል ፍጥረታት ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ደጋ ላይ፣ በዚህ ወንዝ ዳር፣ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ በሚቆጠር ዘመን እየተመላለሱ ድንጋይ ጠርበዋል። ይበልጥ የገረመኝ ግን ስሞቹ ናቸው። ባልጩት ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን የተገለገሉበት፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚቆርጠው ጥቁር አንጸባራቂ ድንጋይ ነው፤ መንደሩ በእሱ ስም ይጠራል። «መልካ» ደግሞ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። መልካ ቁንጡሬ፣ መልካ ሰዲ፣ መልካ ወረር እያሉ ወንዙን ቁልቁል የሚከተሉት ስሞች ከብት እየነዱ የተሻገሩ ሰዎች ያስቀመጡልን ካርታ ናቸው፤ ከትምህርት ቤታችን ካርታ ይህኛው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አዲስ አበቤ አዋሽን እንደ ሩቅ ወንዝ ያየዋል፤ ይሁንና ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገቡና መጨረሻቸው አዋሽ ነው። የከተማዋ ፍሳሽ፣ የፋብሪካው ቀለም፣ የቆዳው ኬሚካል ሁሉ አብሮ ይወርዳል። በዚያው ውኃ የሚለማ ጎመንና ቆስጣ ተመልሶ ወደ ከተማዋ ገበያ ይመጣል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም፤ እኔም ጎመኑን እየበላሁት ነው።

ቆቃ ላይ ወንዙ ይቆማል። ግድቡ ኢጣሊያ ለጦርነቱ በከፈለችው የካሣ ገንዘብ ተሠርቶ በ1960 ሲመረቅ ዋና ዓላማው ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነበር፤ 43 ሜጋ ዋት። ውሎ አድሮ ግን ከኤሌክትሪኩ የበለጠ ለውጥ ያመጣው የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ መልቀቁ ነው። ከዚያ በኋላ ከግድቡ በታች ያለው አገር ዓመቱን ሙሉ በመስኖ ሊታረስ የሚችል አገር ሆነ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚታረስ መሬት ደግሞ ባለቤቱ ይለወጣል። ሐይቁ ራሱ ከደጋው በሚወርደው ደለል ከዓመት ዓመት እየተሞላ መጥቷል። በክረምት ከድልድዩ ላይ ሆኖ ሲታይ ቀለሙ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ ያ የበቾና የአካባቢው ገበሬ አፈር ነው።

ወንጂን በተመለከተ ገለልተኛ መሆን አልችልም። ረግረጉን አድርቆ በ1954 ስኳር ማምረት የጀመረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ሲሆን፣ ወደ እኛ አገር የመጣው ኢንዶኔዥያ ነፃ ወጥታ የቅኝ ግዛት እርሻዎች ዘመን ማብቃቱ ሲታወቅ ነበር። በጃቫ የተካበተው የአገዳ ዕውቀት በዚህ መንገድ አዋሽ ዳር ደረሰ። ከእሱ ጋርም የከምባታው፣ የሐድያው፣ የወላይታው ሠራተኛ መጣ፤ ሰፈራችን ውስጥ አምስት ቋንቋ ይነገር ነበርና ልጆች ስንጣላ የምንሰዳደበው በጎረቤት ቋንቋ ነው። ከዚያ በፊት መሬቱን ለግጦሽ ይጠቀሙበት የነበሩት የጂሌ ኦሮሞዎች ግን ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ዳር ተገፍተዋል፤ በልጅነታችን ይህን የነገረን ሰው አልነበረም።

አገዳ ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ በእሳት ይለበለባል። እሳቱ በተለቀቀ ማግስት ጥቁር የጥላሸት ላባ ከሰማይ እየተንሳፈፈ ይወርድና ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ላይ ያርፋል፤ እናቴ ነጠላዋን ካጠበች በኋላ ሽቅብ የምታየው ዝናቡን ፈልጋ ሳይሆን ጭሱን ፈርታ ነበር። ጥላሸቱን በጣት ከነኩት ይሰረጫል፤ በቀስታ እፍ ማለት ነው እንጂ ማራገፍ አይሆንም። ይህን ዘዴ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሌላው ከወንጂ ይዤው የወጣሁት ነገር ጥርሴ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ያሟሟል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ እንዳይበልጥ የሚመክረው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የአካባቢው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ እጅግ የበለጠ አላቸው። ጥርሱ ገና ሳይወጣ ይህን ውኃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመት የጠጣው አዋቂ ደግሞ ወገቡና አንገቱ ይደርቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዕለት አንድ የማላውቀው ልጅ አፌን ተመልክቶ «የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነህ አይደል?» አለኝ። እሱም ከዝዋይ ነበር። ያኔ አፍሬ አፌን ሸፍኛለሁ። አሁን ሳስበው ግን እንደዚያ ያለ የጂኦሎጂ መታወቂያ የያዘ ሰው ብዙ አይገኝም፤ በየትኛው አለት ላይ እንዳደግሁ ስስቅ ይታያል።

ከአዳማ ወደ መተሐራ ስትወርዱ መሬቱ እየጠቆረ፣ ሙቀቱም እየበረታ ይሄዳል። መንገዱ ትናንት የቀዘቀዘ የሚመስለውን የፈንታሌን እሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ያቋርጥና ድንገት ውኃ ዳር ይደርሳል፤ በሰቃ ሐይቅ ነው። በ1960ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረ ይህ ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዓለም ላይ ሐይቆች ሲደርቁ እንሰማለን፤ ይህኛው ግን የግጦሽ መሬት እየዋጠ፣ አስፋልቱንና የባቡሩን ሐዲድ እያስነሣ አድጓል። ምክንያቱ ላይ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አንዳንዶቹ ከአገዳና ከጥጥ እርሻው ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገውን የመስኖ ውኃ፣ ሌሎቹ ከስር የሚፈልቁትን ፍል ምንጮች ያነሣሉ፤ ሁለቱም ሳይሆኑ አይቀሩም። ውኃው ጨውና ሶዳ የበዛበት በመሆኑ ከብትም ሰብልም አይጠቀምበትም። ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ አጎቴ ጋ ስንሄድ ከመስኮት የማያቸው ግራሮች ደረቅ መሬት ላይ ነበሩ፤ ከዓመታት በኋላ በዚያው ሳልፍ እነዚያው ግራሮች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ቅርፊታቸው ተልጦ፣ ወፍ ብቻ ያረፈባቸው አጽም ሆነው አገኘኋቸው።

ይህ አገር ከስሩም ዕረፍት የለውም። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ ባሉት ወራት ቅልጥ አለት ከምድር በታች ወደ ፈንታሌና ዶፋን አካባቢ ሰርጎ ሲገባ ምድሪቱ ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ ከርዕደ መሬቶቹ መካከል መጠናቸው ከ5 በላይ የሆኑ ነበሩ፤ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል። አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምኖረው እኔ አንድ ሌሊት የተሰቀሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ነቃሁ። ከጎረቤቶቼ ጋር ደረጃውን ወርደን ብርድ ልብስ ተከናንበን ግቢ ውስጥ ስንቆም ሁሉም «የት ነው?» ይል ነበር። አዋሽ ነው አልኳቸው። «ወንዙ?» አሉኝ አንዲት እናት።

አዋሽ ሰባት ኪሎን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ መሐንዲሶቹ ደጋውን ለመውጣት የመረጡት በር ይህ ሸለቆ ስለነበረ ወንዙ ገደል ውስጥ በሚገባበት ቦታ ድልድይ ጣሉ፤ ድልድዩ አጠገብም ከተማ ተተከለ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም፣ የጅቡቲው አስፋልትም የመረጡት ይህንኑ አገር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ልዩነት ያላቸው መሐንዲሶች አንድ ዓይነት መልስ ላይ የደረሱት ተኮራርጀው አይመስለኝም፤ ተራራው ሌላ በር ስላልሰጣቸው ነው።

ከአዋሽ አርባ በኋላ በከባድ መኪና ነው የሄድኩት። ሾፌሩ በጉዞው ሁሉ ስለ ጎማ ዋጋ ሲያወራኝ፣ እኔ በመስኮት የማየው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ግድግዳ የሠራውን አረንጓዴ እሾህ ነበር። የመጣው በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ነው፤ የሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ሲሆን፣ አፋሮች በመጣበት ዘመን በነበረው መንግሥት «የደርግ ዛፍ» ይሉታል። ፍሬውን ፍየልና ከብት ይበሉታል፤ ዘሩ ሆዳቸው ውስጥ ሳይፈጭ ያልፍና በየደረሱበት ይበቅላል፤ ከበቀለም በኋላ ሣሩን ገፍቶ ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል። ሾፌሩ ጎማ የሚያወራው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ያ እሾህ ጎማ ይበሳል።

የወንዝ ዳር ሣር ለአፋር አርብቶ አደር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የዝናብ ካርታ ማየት ይበቃል። በዝናብ ወቅት ከብቱ ሜዳው ላይ ይበተናል፤ በሐጋይ ግን አገሩ ሲነድ የሚቀረው ጎርፍ ሸሽቶ የሄደበት የአዋሽ ዳርቻ ብቻ ነው። ስለዚህ የመሬቱ ዋጋ በስፋቱ አይለካም፤ ያች ጠባብ ዳርቻ ከሌለች በዙሪያዋ ያለው ሰፊ ሜዳም ለዓመቱ አይበቃም። በ1960ዎቹ ከአሚባራ እስከ ዱብቲ የተዘረጋው የጥጥ እርሻ የወሰደው ይህችን ዳርቻ ነበር። ቀጥሎ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ የሚሸሽበት አጥቶ አለቀ፤ ያን ረኀብ የወሎ ደጋ ብቻ አድርጎ የሚተርከው ታሪካችን የአፋርን ድርሻ አሳንሶታል እላለሁ። ከእርሻዎቹም አንዳንዱ ዛሬ የለም፤ ውኃ ያለ ማፋሰሻ ሲጠጣ የኖረ መሬት ጨው ወጥቶበት እንደ ዱቄት ነጭቷል።

ሐዳር የሚገኘው በዚሁ መስመር ነው። ድንቅነሽ የተገኘችው በ1974 ነው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ስለ እሷ ያልተነገረ የለም፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አጥንቷ ተጠብቆ የቆየው ወንዝና ሐይቅ ደለል ስላለበሷት ሲሆን፣ የተገኘችው ደግሞ ወንዝ መልሶ ደለሉን ስለሸረሸረው ነው። ቆቃን የሚሞላው ሥራ እና ሐዳርን የገለጠው ሥራ አንድ ነው።

ወደ አዋሽ መጨረሻ ከእኔ በፊት የሄዱ ነበሩ። ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር በ1875 የግብፅን ጦር እየመራ ሲሄድ ወንዙ በሚያልቅበት የአፋር አገር፣ አውሳ ላይ ተገድሏል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ግን በ1933 መጨረሻ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ፣ ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አግኝቶ፣ ወንዙ አቤ ሐይቅ ሲገባ አየ፤ በ1934ም ታጁራ ባሕር ዳር ደረሰ። ዕድሜው 23 ነበር። «ተገኘ» የሚባለውን ቃል ግን አልወደውም። የአውሳ ሰው ወንዙ የት እንደሚያልቅ መቼም ጠፍቶት አያውቅም፤ ገበሬው የሚያርሰው ያንኑ መጨረሻ ነው።

አቤን ያየሁት ለሥራ ጅቡቲ በሄድኩበት ጊዜ ከዚያኛው ወገን ነው። ከዲኪል ተነሥተን ስንደርስ ማለዳ ነበር፤ ፍል ምንጭ የገነባቸው፣ አንዳንዶቹ 50 ሜትር ያህል የሚረዝሙ የኖራ ድንጋይ ምሰሶዎች ከሜዳው ላይ እንደ ተቃጠለ ከተማ ጭስ ማውጫ ቆመዋል፤ ከአንዳንዶቹ እግር እንፋሎት ይወጣል። ብዙዎቹ ድሮ ውኃ ውስጥ የነበሩ ሲሆን፣ ወንዙ ከላይ ሲቀዳ ሐይቁ ሸሽቷቸዋል። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ጫፍ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ሦስት የምድር ቅርፊቶች በሚለያዩበት አገር መሬቱ ተሰንጥቆ እየሰመጠ ገንዳ ስለሠራ ውኃው ከዚያ መውጫ የለውም። ይተናል፤ ጨዉ ይቀራል። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ይመራል። የበቾ ዝናብ መሆኑን ለማመን ተቸገርኩ።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ የአውሳዋ ከተማ አሳኢታ ብቻ ነበረች። ባለፈው ነሐሴ በኮምቦልቻና በባቲ ወርጄ፣ ሚሌን አልፌ ሄድኩ። ከተማዋ ከፍ ካለ ዳርቻ ላይ ስለተቀመጠች ወንዙ ከእግራችሁ ስር ይታያል፤ ሰፊ፣ ዝግተኛ፣ ቀለሙ ያው ሻይ በወተት። አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ሞልታ ካወጣች በኋላ ደለሉ እስኪረጋ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ወንዙን ስመለከት አንድ ሽማግሌ ጎራዴያቸውን ወገባቸው ላይ እንደታጠቁ መጥተው አጠገቤ ቆሙና በልጃቸው አስተርጓሚነት በየት በኩል እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«በኮምቦልቻ ነው፣ አባቴ።»

«እዚያ ዘንቧል?»

«ከትናንት ወዲያ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ቦርከና ሞልቶ ነው ያየሁት።»

ሽማግሌው ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ቦርከና ከሞላ አዋሽ ይሞላል፤ አዋሽ ከሞላ ከላይ ያለው የተንዳሆ ግድብ ይሞላል፤ ግድቡ ከሞላ ይለቁታል። ከዚያ ለልጃቸው በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጁ ትርጉሙን ሳይነግረኝ ዳገቱን እየሮጠ ወረደና ከወንዙ ዳር ሣር ላይ የነበሩትን ፍየሎች ወደ ላይ መንዳት ጀመረ።